ደሴ ፍርድ ቤት ደጃፍ ለሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊ

ታናሽ ወንድሜ ደሴ ላይ ባጃጅ ይነዳል። ፒያሳ አካባቢ በተራ ምክንያት ከሌላ ባለባጃጅ ጋር ተጣልቶ በጥፊ ይለዋል። ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን ሰጥቶ በመታወቂያ ዋስ ማምሻውን ተለቀቀ። አለቀ ብለን ተኝተን ሳለ ከሳምንታት በኋላ የክስ ወረቀት መጣ። አንዱ ጎረቤት ደግሞ ለእናቴ «አምስት ዓመት ያስቀጣል» ብሏት፣ ደውላ ስታለቅስብኝ ከኮምቦልቻ ተነስቼ የሐረጎን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

ፍርድ ቤቱ ደጃፍ መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው ወረቀቱን እንኳ ሳያይ «15 ሺህ ብር ካለሽ እኔ እጨርሰዋለሁ፣ ውስጥ ሰው አለኝ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ልሰጠው ነበር። ያተረፈኝ ብሩ አለመሙላቱ ነው።

ከእሱ ሸሽቼ ነው እኚህ ማመልከቻ ጸሐፊ አባት ጋ የደረስኩት። ጉሙ ገና አልተነሳም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። «አምጪው እስቲ የኔ ልጅ» አሉኝ። እኔ ሐተታውን ሦስቴ አንብቤ ሦስቴ ደንግጬበታለሁ፤ እርሳቸው ግን ዘለሉትና ቁጥሩን ፈለጉ። በእርሳስ አሰመሩበት፦ የወንጀል ሕግ ቁጥር 560።

«ይቺማ የእጅ እልፊት ናት፤ አካል ሳይጎዱ ሰው መምታት ማለት ነው። ሲመታው በእጁ የያዘው ነገር ነበር? ቁልፍ፣ ድንጋይ?»

ባዶ እጁን ነበር። የሐኪም ማስረጃ ቀርቦ እንደሆነም ጠየቁኝ። አልቀረበም፤ የሰውየው ጉንጭ አብጦ በማግስቱ ጎድሏል። በሕጉ ሰንበር፣ እብጠትና ቶሎ የሚያልፍ ሕመም እንደ አካል ጉዳት አይቆጠርም። ስለዚህ ቅጣቱ እስከ 300 ብር መቀጮ ነው፤ ነገሩ ከበድ ካለ ደግሞ እስከ 3 ወር ቀላል እስራት። ቁልፉን ጨብጦ መትቶ አቁስሎት ቢሆን ግን ወደ ቁጥር 556 ይሄድ ነበር። እዚያ ጉዳት ሊያደርስ በሚችል መሣሪያ የተመታ ሰው ካለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ያስቀጣል። ያኔ ነው ስለ ቁልፉ ለምን እንደጠየቁኝ የገባኝ።

«ቀላል እስራት» የሚለው ስምም አሳስቶኝ ነበር። ለካ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ ሕጉ ለይቶ በጠቀሳቸው ጉዳዮች እስከ 5 ዓመትም ይደርሳል። የጎረቤታችን «አምስት ዓመት» ከዚህ የመጣች ሳትሆን አትቀርም። ፅኑ እስራት ሌላ ነው፤ ከ1 ዓመት ተነስቶ እስከ 25፣ ሲብስ እስከ ዕድሜ ልክ። ደንብ መተላለፍ የሚባለው ከሁሉም በታች ነው። ጎረቤቶቻችን እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ቀላቅለው ነው እናቴን ያስለቀሷት።

ማመልከቻ ይጻፉልኝ ብላቸው እምቢ አሉ። «ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ይሄ በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ነው፤ ተበዳዩ ከታረቀና አቤቱታውን ካነሳ መዝገቡ የሚዘጋበት መንገድ አለ። ሂጂና ሽማግሌ ላኪ።» ወንድሜ ዳኛ ፊት የእምነት ክህደት ቃል፣ ማለትም ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም ተብሎ ሲጠየቅም ያልገባውን ነገር «አዎ» እንዳይል አስጠነቀቁ። እርሳቸው ጠበቃ አይደሉም፤ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። «ከዚህ ካለፈ ጠበቃ ያዢ» ያሉኝም ራሳቸው ናቸው።

ሽማግሌ ላክን። ቡና ተፈልቶ፣ ወንድሜ የሰውየውን ጉልበት ስሞ፣ ሥራ ለፈታበት ቀን 1,500 ብር ካሰ። በቀጠሮው ቀን ሁለቱ አብረው ገብተው አብረው ወጡ፤ መዝገቡም ተዘጋ። (አሁን አንድ ተራ ላይ ናቸው፤ አንዱ ለምሳ ሲሄድ ሌላው ይጠብቅለታል።)

ላመሰግናቸው ስመለስ ከሻይ ሌላ አልቀበልም አሉ። እግዜር ይስጥልኝ አባቴ! ማመልከቻ ለሚያጽፍ ግን በገጽ ነው የሚያስከፍሉት፤ ዋጋውን ቀድመው ይናገራሉ።

ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ደጃፉ ላይ «ጡረተኛው» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አሉ፣ ዓርብ ከሰዓት አይገኙም። የክሱን ወረቀት ሙሉውን ይዛችሁ ሂዱ። በስልክ ፎቶ ብታሳዩአቸው «ዓይኔ አያየውም» ብለው ይመልሷችኋል።