ሂት ጋን ለቀለም ማንሻ፦ ጅማ ላይ ከወራት ሥራ በኋላ

የገዛሁት ባለ 2000 ዋት ሂት ጋን (በጣም የጋለ አየር የሚነፋ የእጅ መሣሪያ) ነው፤ ከመርካቶ፣ የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው። ማብሪያው ሁለት ደረጃ አለው፦ አንደኛው 350፣ ሁለተኛው 550 ዲግሪ ይላል። በጋውንም ክረምቱንም ሠርቼበታለሁ። ድርብርብ የዘይት ቀለም ለማንሳት ከዚህ የሚሻል መሣሪያ እጄ አልገባም፤ ግን እሱን ገዛሁ ብላችሁ ግራይንደራችሁን (በኤሌክትሪክ የሚሽከረከረውን መፋቂያ) እንዳትሸጡ።

ሥራዬ በአብዛኛው የግቢ በርና መስኮት ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ከአሰንዳቦ በኩል ጀልባ ይመጣልኛል። ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ዓሣ የሚያሰግሩ ሰዎች ከላሜራ የተበየደ ጀልባቸው ሆዱ ማፍሰስ ሲጀምር በአይሱዙ ጭነው ያመጡታል። የጀልባ ባለቤት ቀለም በተላጠ ቁጥር በላዩ ይደርባል እንጂ አያስነሳም። ላዩ ሰማያዊ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ግራጫ፣ መጨረሻ ላይ አንቲረስት፣ ማለትም የዝገት መከላከያ ቀለም። ቀዳዳው የት እንዳለ ለማየት ይህ ሁሉ መነሳት አለበት። ቀለም ያለበት ብረት ላይ ብየዳ በደንብ አይዝም፣ የሚወጣውም ጭስ ለሳንባ ጠላት ነው።

ድሮ የምናነሳው በግራይንደርና በሽቦ ብሩሽ ነበር። ብሩሹ ሲሽከረከር ወፍራሙ ቀለም ይሞቅና ይለሰልሳል፣ ከመነሳት ይልቅ ብረቱ ላይ ይለቀለቃል። በዲስክ ካሉት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ 2 ሚሊ የነበረውን ላሜራ ዝገት በልቶት ሳስቷል፤ የተረፈችውን ዲስኩ ይጨርሳታል። ሂት ጋን ብረቱን አይበላም። አፉን አራት ጣት ያህል አርቄ ቀስ እያልኩ አንቀሳቅሰዋለሁ። ቀለሙ መጀመሪያ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ይነፋና ያኩረፈርፋል። ስፓቱላውን ጋደም አድርጎ መግፋት ያኔ ነው፤ ሦስቱም ድርብ ተያይዞ እየተጠቀለለ ይወጣል። ከዘገያችሁ ቀዝቅዞ መልሶ ይጠነክራል፣ እንደገና ማሞቅ ነው። የስፓቱላዬን ሁለት ማዕዘኖች በሞረድ አድበልብያቸዋለሁ፤ በተለይ የእንጨት በር ላይ ሹል ማዕዘን ይቧጭራል።

አንቲረስቱን ግን ብዙም አይነካውም። እሱን ያው በግራይንደርና በብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ያን ጊዜ ግን የቀረው ስስ ስለሆነ ሥራው ይቀላል፣ አቧራውም ያንሳል። የቆየ ስቱኮ ካለበት ይለሰልስና አብሮ ይለቃል። ይህን ብዙ ሰው እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ስቱኮ የተለጠፈበት ጀልባ ከሥሩ ቀዳዳ አይጠፋውም።

ፋይበር ግላስ ጀልባ ላይ በጭራሽ እንዳትሞክሩት። ፋይበሩን የያዘው ሙጫ ከ100 ዲግሪ በታችም መለስለስ ይጀምራል፤ ላዩ ያብጣል፣ ንብርብሩ ይላቀቃል፣ የቀለም ሥራ የነበረው የሆድ ጥገና ይሆናል። እዚያ ላይ በእጅ፣ ውኃ በሚቀበል ብርጭቆ ወረቀት ብቻ።

ስለ ጤና አንድ ነገር፦ ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የገደበችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ በርም ጀልባም እርሳስ አለበት ብላችሁ ሥሩ። በደረቁ መፈግፈግ አቧራውን ያስተነፍሳል፣ በጣም ማጋል ደግሞ እርሳሱን ወደ ጭስ ይለውጠዋል። ስለዚህ እኔ ሁለተኛውን ደረጃ ትቼ በአንደኛው ነው የምሠራው፤ ትንሽ ያዘገያል፣ ይሁን። ከሥሩ ላስቲክ አነጥፋለሁ፣ ቅርፊቱን እዚያው ጠቅልዬ አነሳዋለሁ፣ ልጆች ሲሠራ አይጠጉም። ተራ የአቧራ ማስክ ጭስ አያስቀርም፤ ደጅ ሥሩ። ሞተር ያለው ጀልባ ከሆነ ቤንዚኑ ከነታንከሩ መውጣት አለበት፤ ባዶ ታንከር ከሙሉው የባሰ ነው፣ ውስጡ የቀረው ተን ይቀጣጠላል።

ያልጠበቅሁት ጥቅሙ ክረምት ላይ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ቀለም የተነሳለት ብረት አንቲረስት ሳይቀባ ካደረ ጠዋት ቀይ ለብሶ ይገኛል። አሁን በቲነር ከጠረግሁ በኋላ የብየዳውን መስመርና መጋጠሚያውን በሂት ጋን አደርቃለሁ፣ ብረቱ እጅ የሚያስችል ያህል ሲቀዘቅዝ ያኑ ዕለት አንቲረስቱን እቀባለሁ። መጋጠሚያ ውስጥ የተደበቀ እርጥበት በጨርቅ አይወጣም።

ችግሩ መብራት ነው። ማሽኑ ወደ 9 አምፒር ይስባል፤ ቀጭን ዲቫይደር ላይ ከሰካችሁት ስፒናው ይቀልጣል። 2.5 ሚሊ ሽቦ ያለው ኤክስቴንሽን ብቻ ነው የምጠቀመው። ሰፈሩ እንጀራ ሲጋግር ኃይሉ ይወርዳል፤ 220 የነበረው 190 ቮልት ሲሆን ሙቀቱ ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ቀለሙም ማኩረፍረፉን ትቶ ይለጠፋል። ያኔ አቁሜ ሌላ ሥራ እይዛለሁ።

ከሁሉ የሚጎዳው ግን መብራት ድንገት ሲሄድ ነው። በደህናው ጊዜ ሥራ ስጨርስ አፉን ወደ ላይ አድርጌ አቆመዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ግን ማራገቢያው ይቆማል፣ የጋለው ሽቦ የራሱን ፕላስቲክ ይጠብሳል። የእኔ አፍንጫው አካባቢ ጠቁሯል፣ ፕላስቲኩም ትንሽ ይሸታል፤ እስካሁን ይሠራል። መለዋወጫ ሽቦ ጅማ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፣ ስለዚህ ሲቃጠል ሙሉውን መግዛት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር መጀመሪያ ማብሪያውን ዝጉ፣ ከዚያ ስፒናውን ንቀሉ። ክፍት ትታችሁት ሻይ ልትጠጡ ብትወጡና መብራት ቢመጣ፣ ላስቲኩ ላይ የተከመረው ደረቅ የቀለም ቅርፊት ለመቀጣጠል ጊዜ አይፈጅበትም።