ሀዋሳ ውስጥ ቤት ልትቀይሩ ነው? «ከነጫኙ ይሄን ያህል» ሲሏችሁ ተጠንቀቁ

ሀዋሳ ቤት የምትቀይሩ ሰዎች፣ ይቺን ሳታነቡ ደላላ ጋ እንዳትደውሉ። ባለፈው ቅዳሜ እኔ ላይ የደረሰ ነው፣ ንዴቴ ገና አልበረደም።

ከአቶቴ ወደ ዳቶ ነው የገባነው። ሩቅ አይደለም፣ ዕቃችንም ብዙ አይደለም። ያስጨነቁኝ ሁለቱ ስፒከሮች ናቸው። አጎቴ ሙዚቃ ቤት በነበረው ጊዜ ካሴት ያስደምጥባቸው የነበሩ፣ ቁመታቸው ደረቴ ጋ የሚደርስ ሳጥኖች። አንዱ ብቻ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል። ሱቁን ሲዘጋ «አደራ» ብሎ ነው የሰጠኝ።

ደላላው በስልክ «አይሱዙ ከነጫኙ 6 ሺህ ብር፣ ለዕቃህ ሙሉ ኃላፊነት እንወስዳለን» አለኝ። ስለ ስፒከሮቹ አስረድቼዋለሁ፣ ክብደታቸውንም፣ ፊታቸው መነካት እንደሌለበትም። «አታስብ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ነው የምንጭነው» አለ። አመንኩትና ግማሹን ብር ላኩለት።

የመጣው ፒካፕ ነው። ብርድ ልብስ የለም፣ ሸራ የለም፣ ገመድ እንኳን ከእኛ ነው የጠየቁት። በሁለት ዙር እንጨርሳለን አሉ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ዝናብ ያዘን። እኔ ከባለቤቴ ጋር የቀረውን ስለቃቅም አንዱን ስፒከር ተገልብጦ በተቀመጠ ወንበር ላይ በፊቱ ደፍተው አስተኝተውታል። በኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጨ ዳቶ ሲደርስ የወንበሩ እግር የፊቱን ጨርቅ በስቶ ቮፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ክብ) ውስጥ ገብቷል።

እሱን ገና ሳላይ ደግሞ በር ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። «ስፒከርና ፍሪጅ ለብቻ ነው የሚከፈለው፣ 2 ሺህ ጨምር።» ግማሽ ዕቃ መኪና ላይ ነው፣ ዝናቡ እየወረደ ነው፣ ምን ታደርጋላችሁ? ከፈልኩ። ጉዳቱን ሳሳያቸው ሹፌሩ ጫኞቹን አለ፣ ጫኞቹ መንገዱን አሉ፣ የደላላው ስልክ ዝግ ነው። እስካሁንም ዝግ ነው።

ጠጋኙ የቮፈሩ ወረቀት ስለተቀደደ ቮፈሩ ካልተቀየረ ድሮ የነበረው ድምፅ አይመለስም አለኝ። ተመሳሳዩን ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው። ሌላ ዓይነት ከተገጠመበት ግራና ቀኙ እኩል አይጮኹም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ «ሙሉ ኃላፊነት» የሚለውን የስልክ ወሬ አትመኑ። የመኪናውን ዓይነት፣ ስንት ጫኝ እንደሚመጣ፣ ስፒከርና ፍሪጅ ዋጋው ውስጥ መግባታቸውን፣ ዕቃ ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል ወረቀት ላይ አስፍራችሁ አስፈርሙ። የሚፈርመው ደላላው ብቻ ሳይሆን ሹፌሩም ነው፤ የመኪናውን ታርጋም ጻፉበት። ቃል የተገባላችሁ መኪና ካልሆነ የመጣው፣ አንድ ዕቃ ሳይጫን እዚያው መልሱት። እኔ «አሁን ሌላ ከየት አመጣለሁ» ብዬ ዝም ማለቴ ነው ይሄን ሁሉ ያመጣው።

ስፒከሮቹን ግን ለማንም አትተዉ፣ ራሳችሁ ጠቅልሉ። ካርቶናቸው ካለ በካርቶናቸው። ከሌለ ሽቦውን ከመንቀላችሁ በፊት ቀይና ጥቁሩ የት የት እንደገባ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከሥር ሹል የብረት እግር ካለው ፍቱት። ፊቱ ላይ ወፈር ያለ ካርቶን አስሩበት፣ ግን ካርቶኑ ቮፈሩን መንካት የለበትም፣ ጫፍ ጫፉን እንጨቱ ላይ ይረፍ። ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ክብ) በጣት መንካት ራሱ ይጎዳዋል፣ ከገባ በኋላ በቀላሉ አይመለስም። ከዚያ በብርድ ልብስ፣ ከላይ በፕላስቲክ። ሳጥኑ የተጨመቀ እንጨት ከሆነ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ዝናብን አትናቁ።

ለሁለት ሰው ነው የሚነሳው፣ አንዱ ከሥር አንዱ ከላይ። ረጅም ስፒከር ቆሞ ሲጓዝ ይወድቃል፤ ፍራሽ ላይ በጀርባው አስተኙት፣ ከላዩ ምንም አይጫንበት። ገመዱም በፊቱ በኩል አይለፍ። መጨረሻ ላይ ጫኑት፣ መጀመሪያ አውርዱት።

አንድ ነገር ደግሞ ጠጋኙ አሳየኝ። 1.5 ቮልት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ወስዳችሁ በሁለት ሽቦ የስፒከሩን ቀይና ጥቁር መግቢያ ለቅጽበት ነካ አድርጉት። ቮፈሩ የሚሠራ ከሆነ «ጠቅ» ብሎ ይንቀሳቀሳል። ትዊተሩን በዚህ መፈተሽ አይቻልም፣ እሱ በለስላሳ ሙዚቃ ነው። ከመጫኑ በፊት ሹፌሩ እያየ ሞክሩት፣ ሲወርድም እዚያው በር ላይ። ቀሪውን ብር የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ አሁን ተመሳሳይ ቮፈር ፍለጋ ላይ ነኝ። አጎቴ ለፋሲካ ሊጠይቀን ይመጣል፣ አልነገርኩትም።