የተጫረ ሴንጢያችሁን በጥቁሩ አትለውጡ

ጎጃም ያላችሁ፣ በተለይ ከደንበጫ እስከ ቡሬ ባለው መስመር ገበያ የምትወጡ፣ ይቺን አንብቡና ለቤተሰብም ንገሩ። ሰሞኑን ስለቱ ጥቁር የሆነ ታጣፊ ሴንጢ እያዞሩ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። መሸጣቸው ባልከፋ። የከፋው አሮጌውን በለውጥ መቀበላቸው ነው። የተጫረውን ሴንጢያችሁን ይወስዳሉ፣ ብር ያስጨምራሉ፣ ጥቁሩን ያስታቅፏችኋል።

አጎቴን ያገኙት እንዲህ ነው። ቀይ እጀታ ያላት የስዊዝ ሴንጢ ነበረችው። ሸንኮራ ሲልጥባት፣ ገመድ ሲቆርጥባት፣ በድንጋይ ሲስላት ኖሮ ጎንና ጎኗ ጭረት በጭረት ሆኗል። ሻጩ አገላብጦ አያትና «አባቴ፣ ይቺማ አልቆላታል። ይሄን ይመልከቱ፣ ድፍን ቲታኒየም ነው፤ አይጫር፣ አይዝግ» አለው። (ቲታኒየም ከብረት የተለየ፣ ቀላልና ጠንካራ ማዕድን ነው።) አጎቴ የሰው ቃል ያምናል። የራሱን ሰጥቶ፣ 600 ብር ጨምሮ ጥቁሩን ይዞ ገባ።

ብዙም አልቆየ። ብርቱካን ሲልጥበት ጥቁሩ ቅብ ከስለቱ ጫፍ ጀምሮ ይነሳ ገባ። በጥፍሬ ስሞክረው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላቀቀ መጣ። ከሥሩ ያለው ብረት በግራይንደር ተፍቆ ያልተስተካከለ፣ ወፍራም ጭረት የሞላበት ነው። ማለትም አጎቴ በጭረት የጠላውን ትቶ፣ ጭረቱ በቀለም የተሸፈነለትን ገዛ። ጥሬ ሥጋ ሲቆርጥበት ደግሞ ጥቁር ፍርፋሪ ቁርጡ ላይ ቀረ፤ አክስቴ ትሪውን እንዳለ አነሳችው። ታጥቦ ሳይደርቅ ያደረ ቀን ማጠፊያው ሥር ቀይ ዝገት ያዘ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። በስለት ጎን ላይ ያለ ጭረት ጉዳት አይደለም። የሚቆርጠው ጠርዙ ነው፣ ጎኑ አይደለም። ሴንጢ በድንጋይ ሲሳል ትንሽ ከተጋደመ ጎኑ ይጫራል፣ ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ሲውልም ይጫራል፣ በቃ። ብረቱ ያው ነው፣ ጥንካሬውም ያው ነው። እንዲያውም ጥሩ አምራቾች ስለቱን ከትናንሽ ድንጋዮች ጋር በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ሆን ብለው ያስጭሩታል፤ ሁሉም ቦታ እኩል ከተጫረ በኋላ የሚመጣው ጭረት አይታይም። ባንጻሩ እንደ መስታወት የተወለወለው አንዲት ጭረት ብታርፍበት ከሩቅ ትታያለች። ያ ግን ተበላሸ ማለት አይደለም። እንዲህ ልስልስ ያለው ውኃ ስለማይቋጥር ዝገትን ይበልጥ ይቋቋማል፤ አሸዋ በኃይል ተረጭቶበት የፈዘዘው ግን ጥቃቅን ጉድጓድ ስላለው እርጥበት ይይዛል፤ በኛ ክረምት እሱ ነው ቀድሞ የሚዝገው።

ልታዩ የሚገባው ሌላ ነው። ጠርዙ ተሸርፏል? ዝገቱ ብረቱን በልቶ ጎድጉዷል? ማጠፊያው ይወዛወዛል? ሲከፈት የሚቆለፍ ዓይነት ከሆነ፣ ከፍታችሁ ጀርባውን እንጨት ላይ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ከለቀቀ አትግዙት፣ ጣት ይቆርጣል።

«ቲታኒየም ነው» የሚሉትን በተመለከተ፣ ማግኔት ይበቃችኋል። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምጽ ማጉያ ውስጥ የምትወጣዋ ትበቃለች። ቲታኒየም በማግኔት አይሳብም። ስለቱ ላይ ጥብቅ ካለ ብረት ነው። ደግሞስ ቲታኒየም ቀላልና ጠንካራ ቢሆንም ስለት ሆኖ ጠርዝ አይይዝም፣ ቶሎ ይደንዛል፤ ለዚህም ነው ሴንጢ ላይ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት እጀታው ላይ ወይም እንደ ስስ ቅብ ሆኖ። ከቲታኒየም ቅቦች የተለመደው፣ ቲታኒየም ናይትራይድ የሚባለው ደግሞ፣ ቀለሙ ወርቃማ እንጂ ጥቁር አይደለም። ማግኔት መሳቡ ግን ብረቱን ጥሩም መጥፎም አያሰኘውም፤ ጥሩ የማይዝግ ስለትም ይሳባል። የሚያጋልጠው «ድፍን ቲታኒየም» የሚለውን ውሸት ብቻ ነው።

ጥቁር ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ጠንካራ የካርቦን ቅብ አለ፣ ውፍረቱ ጥቂት ሺኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ በጥፍር ቀርቶ በሳንቲም ጠርዝ ቢፋቅ አይላጥም። ስለዚህ ብር ሳትቆጥሩ በፊት ማጠፊያው ሥር፣ በማይታየው በኩል፣ በሳንቲም ሞክሩት። ሻጩ «አይጫርም» ብሎ የለ? እንግዲያው መሞከሩን መከልከል የለበትም። ከከለከለ ትታችሁ ሂዱ።

ያው ሰዎች ማዕበል የመሰለ መስመር ያለውንም «ደማስቆ» እያሉ በእጥፍ ይሸጣሉ። እውነተኛው ሁለት ዓይነት ብረት ተደራርቦና ተቀጥቅጦ ስለሚሠራ መስመሩ በስለቱ ጀርባ በኩልም ይታያል። ጀርባው ልሙጥ ሆኖ መስመሩ ጎኑ ላይ ብቻ ካለ በሌዘር ወይም በአሲድ የተቀረጸ ሥዕል ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። ግን ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ከተማ ያለን፣ ደረሰኝ የማይሰጥን ሰው ማን ይዞ ይከሳል? ለዚህ ነው ከመግዛታችሁ በፊት የምጮኸው። አጎቴ ተመልሶ ቢሄድ ሰውየውም የለ፣ ቀይዋም የለች። ያቺ ስዊዝ ጠርዟ ደህና ነበር፣ ማጠፊያዋ ጥብቅ ነበር፣ ሥሯ ላይ «አይዝግም» የሚለው የፋብሪካ ማህተም አልጠፋም ነበር። ከልቤ ነው የምናደደው።

ጭረቱ ዓይናችሁን ካስቸገረው በራሳችሁ አስተካክሉት። 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ 800፣ ከዚያ 1200። ውኃ እያስነካችሁ ከእጀታው ወደ ጫፉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ፈትጉ፣ ወዲያ ወዲህ አታድርጉ፣ ጠርዙን አትንኩ። ግራይንደር ያለው ሰው «ላብራልህ» ቢላችሁ እንዳትሰጡ። ስለቱ ሲግል ሰማያዊ ቀለም ካመጣ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል ማለት ነው፤ ተራው የካርቦን ብረት እዚያ ከደረሰ ጥንካሬው ይሄዳል፣ ቢስሉትም አይቆይም። በረኪናም አታስነኩት፣ የማይዝግ የተባለውንም ነቁጥ በነቁጥ ያደርገዋል። ታጥቦ፣ ማጠፊያው ድረስ ደርቆ፣ አንዲት ጠብታ ዘይት ይበቃዋል።

ጥቁሩን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ቅቡ መላላጥ ከጀመረ ምግብ አታስነኩት። ምን እንደሆነ የማይታወቅ ቀለም ነው። ለገመድና ለማዳበሪያ ከረጢት ይሁን።