ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በባለ አልጋ ሚኒባስ፦ የአንድ ተከራይ ቤተሰብ አስተያየት

በጥር ወር 2015 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችን፣ እናቴና እኔ ከባሕር ዳር ተነሥተን ጎርጎራ ደርሰን ለመመለስ ውስጡ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና 60 ሊትር የሚይዝ የውኃ ሮቶ የተገጠመለት ሚኒባስ ለአራት ቀናት ተከራይተን ነበር። መኪናው ቀድሞ ሕዝብ ያመላልስ የነበረ ሃይሩፍ ሲሆን፣ አከራዩ ወንበሮቹን አስነቅሎ በጣውላና በስፖንጅ ወደ መኝታ ቤትነት ያስለወጠው ነው። መጸዳጃ የለውም፤ ይህ ግን ከመጀመሪያው በግልጽ ስለተነገረን ቅሬታ የለኝም።

ኪራዩ ያኔ ሾፌሩን ጨምሮ በቀን 4,500 ብር ነበር፤ ነዳጅ በተከራዩ ሲሆን፣ 10,000 ብር ደግሞ በመያዣነት ይቀመጥ ነበር። ውሉ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ስለ ሾፌሩ ማደሪያና አበል የሚለው ነገር የለም። ይህን ያስተዋልነው በመጀመሪያው ምሽት አልጋዎቹ ተዘርግተው፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ሾፌሩ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ ቆሞ ስናገኘው ነው። መኪናው «አምስት ሰው ያስተኛል» ተብሎ የሚከራይ ሲሆን አምስቱ እኛው ነን። በሦስቱም ሌሊት የአልጋ ከፍለንለታል፤ ገንዘቡ ብዙ አልነበረም፣ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚያስፈልገውን ሰው ማደሪያ በጨለማ ማፈላለግ የአከራዩ እንጂ የተከራይ ሥራ አይመስለኝም።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ሆን ብለን ከቤታችን ሳንርቅ፣ ጣና ዳር ከሚገኝ ሆቴል ግቢ ውስጥ አስፈቅደን አደርን፤ የጎደለ ነገር ቢኖር በቀላሉ ለመመለስ በማሰብ ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መብራቱ ድንገት ጠፋ፤ የውኃ መሳቢያው ፓምፕም አብሮ ዝም አለ። እንዲህ ባለ መኪና ውስጥ ሁለት ባትሪ ይኖራል፤ አንዱ ሞተር ለማስነሣት፣ ሁለተኛው ለመብራት፣ ለፓምፕና ለማቀዝቀዣ የሚያገለግል ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚሞላው መኪናው ሲነዳ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ማብሪያ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ተዘግቶ መክረሙን ያወቅነው በማግሥቱ ወረታ ላይ ለሻይ በቆምንበት ጊዜ፣ ያውም አከራዩ ስልኩን ካነሣ በኋላ ነው። ርክክቡ ከአሥር ደቂቃ ያልበለጠ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አምስቱ ደቂቃ ገንዘብ በመቁጠር አልፏል። ሾፌሩ መንዳት እንጂ የመኪናውን የቤት ዕቃ አሠራር ማንም አላሳየውም። ማብሪያው ከተከፈተ በኋላ ግን መብራቱም ማቀዝቀዣውም እስከ መጨረሻው ቀን ያለ እንከን ሠርተዋል።

በፎገራ ሜዳ ያለው ጉዞ እጅግ ደስ የሚል ነበር፤ ሩዙ ታጭዶ ከብቶቹ በቃርሚያው ላይ ተሰማርተው ነበር። ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ ሲጀምር ግን የዕቃ መደርደሪያው በር መቀርቀሪያ እንደሌለው ታወቀ። እናቴ ለአራት ቀን ያዘጋጀችው የሽሮ ዕቃ ከላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተደፋ፤ መስኮት ሲከፈት ዱቄቱ ስለሚነሣ እስከ አዘዞ ድረስ ሽሮ እየተነፈስን ሄድን። ቀኑ ዓርብ ስለነበር የምሳችንም የእራታችንም ተስፋ ያው ሽሮ ነበር።

ከአዘዞ ተገንጥለን በቆላድባ በኩል ጎርጎራ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። በሐይቁ ዳር በአንድ ግቢ አጠገብ ለማደር የቤቱን እመቤት ስናስፈቅድ፣ እኒያ እናት መጀመሪያ መኪናውን፣ ቀጥሎ እናቴን ተመልክተው «ምነው ቤት እያለ? አሮጊት እናታችሁን መኪና ውስጥ ልታሳድሩ ነው?» አሉን። የተከራየነው ለመዝናናት እንደሆነ ለማስረዳት ብንሞክርም አልተዋጠላቸውም። ጥቂት ቆይተው እንጀራ በሽሮ በትሪ ይዘው መጡ፤ እናቴም ያን ሌሊት የተኛችው እሳቸው ቤት ነው። ለአምስት ሰው ጠባብ የነበረው መኝታ ለአራት ሲሆን ምን ያህል እንደሚመች ያየነው በዚህ አጋጣሚ ነው። ስፖንጁ ጥሩ ነው፤ ወገብ አያምም።

መኪናው የሚቆምበት ቦታ ግን ደልዳላ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ሌሊት ዘቅዛቃ ላይ ቆመን ትንሿ ልጄ እስኪነጋ ወንድሟ ላይ ስትንከባለል አደረች። ጎርጎራ ላይ ሾፌሩ ከአንድ ጎማ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገብቶ አስተካከለልን። ቡና ማፍላት ግን ያኔም አልሆነም፤ የጋዝ ምድጃው ብረቶች የተራራቁ በመሆናቸው ጀበና አይቀመጥባቸውም፤ እናቴ ከግቢው የከሰል ምድጃ ተውሳ ውጭ አፈላች።

ከሁሉ የከበደኝ የትንኝ ጉዳይ ነው። ጣና ዳር ወባ መኖሩ ለማንም አዲስ አይደለም፤ የአንዱ መስኮት ወንፊት ግን ከጥግ እስከ ጥግ ተቀድዷል። መስኮት ዘግተን ብንተኛ የትንፋሻችን ላብ በመስታወቱ ላይ ወርዶ ብርድ ልብሱን አረጠበው፤ ብንከፍት ትንኝ ይገባል። ቅዳሜ ሌሊት ከቤት ያመጣነውን አጎበር በመስኮቱ ላይ በልብስ መስቀያ ቆንጣጭ አስረን አደርን። ቅዳሜ ቀኑን ደብረ ሲና ማርያምን ስንሳለም፣ ሐይቁን ስናይና እንቦጩ የት ድረስ እንደደረሰ ከዓሣ አጥማጆቹ ስንሰማ ስለዋልን ድካሙ ጥሩ እንቅልፍ ሰጥቶን ነበር።

እሑድ ማታ መኪናውን ስንመልስ አከራዩ ወንፊቱን አይቶ ከመያዣው 1,500 ብር እንደሚቀንስ ነገረን። ስንረከብ ጽፈን ያስፈረምነው ነገር አልነበረንም። ያዳነን ልጄ ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ከባሕር ዳር ሳንነሣ፣ እኅቱን በመስኮቱ በኩል ያነሣት ፎቶ ነው፤ ቀዳዳው ከፊቷ ጎን በግልጽ ይታያል፤ ሰዓቱም በስልኩ ላይ አለ። ገንዘቡ ተመለሰልን፣ ይቅርታ ግን አልተጠየቅንም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ልጆቹ ለፋሲካ ዕረፍት እንድንደግመው እየወተወቱ ነው። ሞተሩ ጤነኛ፣ ሾፌሩም ጥንቁቅ በመሆኑ እምቢ ለማለት ተቸግሬአለሁ። አከራዩ ወንፊቱን አስጠግኖ መቀርቀሪያውን ካስገጠመ፣ የሾፌሩም ማደሪያ በውሉ ላይ ከሰፈረ እንከራየዋለን። ሾፌሩ በበኩሉ ውሉን ሳይጠብቅ ድንኳን ገዝቶ እንደሚመጣ ነግሮናል።