ዳታቤዝ የት ልከራይ? ፎርጅዱ፣ የራስ ሰርቨር እና የ15 ዶላሩ

በዚህ ወር ብቻ አራት ልጆች ጠየቁኝ። ሦስቱ ከባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ናቸው፣ አንዱ ፋሲሎ የሚሠራ ጓደኛዬ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ዌብሳይቱን ጨርሻለሁ፣ ዳታቤዙን የት ላድርገው? ርካሹ የቱ ነው?» በቴሌግራም ድምፅ መላክ ስለሰለቸኝ ጻፍኩት። ዳታቤዝ ማለት ዌብሳይቱ መረጃውን የሚያስቀምጥበት መዝገብ ነው።

መልሴ ይኸውላችሁ። የሰው ገንዘብ የሚያልፍበት ሥራ ከሆነ ማኔጅድ ዳታቤዝ ግዙ፤ ማለትም ማሻሻሉንና ባክአፑን (መጠባበቂያ ቅጂውን) ድርጅቱ ራሱ የሚይዝላችሁን። ትንሹ ጥቅል ይበቃል። ዲጂታል ኦሽን የሚባለው የሰርቨር አከራይ ላይ፣ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ በወር ከ15 ዶላር ገደማ ይጀምራል። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም እዚህ የደረስኩት ሁለት ጊዜ ተቃጥዬ ነው።

መጀመሪያ ያቃጠለኝ ፎርጅዱ ነው። ፓፒረስ አካባቢ ፔንሲዮን ላላቸው አንዲት እናት የክፍል ማስያዣ ሠራሁና ሆስቲንጉን (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበትን ቦታ) ከአንድ የቴሌግራም ሻጭ ገዛሁ። ለ2 ዓመት 3,500 ብር፣ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ጭምር። ማን ይጠላል? ለካ ሲፓነሉ፣ ማለትም ሆስቲንጉ የሚተዳደርበት ሶፍትዌር፣ ፈቃዱ የተሰበረ ኮፒ ነው። ጥር 9 ጠዋት ገጹ አልከፍትም አለ። የሻጩ ስልክ ዝግ፣ ቻናሉም የለም። ባክአፕ ነበረኝ፣ ያውም በየሌሊቱ የሚሠራ። የሚቀመጠው ግን እዚያው ሰርቨር ላይ ነበር።

የጥምቀት እንግዳ ሊገባ አንድ ቀን ነው የቀረው። ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ መዝገቡ ጠፋ።»

«የቱ መዝገብ ልጄ?»

«ኮምፒውተሩ ላይ ያለው። ማን የትኛውን ክፍል እንደያዘ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ቆይ ደብተሬን ላምጣ።»

ለካ ለእኔ ሳይነግሩኝ ሁሉንም በእጃቸው ሲጽፉ ኖረዋል። ከ14 ክፍል የ11ዱን ባለቤት ከደብተሩ አገኘን። የቀሩት ሦስቱ በኢንተርኔት ብቻ የያዙ ነበሩ። 7 ቁጥርን ባዶ መስሎን ለሌላ ሰጠናት፤ ከተራ ማታ እውነተኞቹ ባለቤቶች ሦስት ልጆች ይዘው በር ላይ ቆሙ። የሌላ ሆቴል ሒሳባቸውን ከኪሴ ከፈልኩ። ከርካሹ ሆስቲንግ ያተረፍኩት በዚያች ሌሊት አለቀ።

ከዚያ በኋላ እልህ ያዘኝና የራሴን ቪፒኤስ (ራሴ የማስተዳድረው ሰርቨር) ተከራየሁ። በወር 5 ዩሮ ገደማ ነው፣ ዌብሳይቱም ፖስትግሬሱም አንድ ላይ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ብዙ ነገር አስተማረኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ከሆነ ዛሬም ይህንኑ እመክራለሁ። ግን ሥራው አያልቅም። ፖስትግሬስ የሚገኝበትን የ5432ን በር (ፖርት) ለውጭ ክፍት ከተዋችሁት ፓስወርድ የሚሞክር ሮቦት ሌሊቱን ሙሉ ያንኳኳል። ፖስትግሬስ ጥቃቅን ማሻሻያ በየሦስት ወሩ ያወጣል፤ ትልቁ ቨርዥን ደግሞ ድጋፍ የሚያገኘው 5 ዓመት ነው። ይህን የሚከታተለው ማነው? እናንተ።

በ14ኛው ወር ዲስኩ ሞላ። የሞላው ሰርቨሩ የሠራውን በሚመዘግብበት ሎግ ፋይል ነው። ዳታቤዙ አዲስ ነገር አልጽፍም አለ። ሎጉን አጽድቼ ተገላገልኩ ስል፣ ባክአፑን እስቲ ልየው ብዬ ከፈትኩ። የ6 ቀን ፋይል ተደርድሯል፣ እያንዳንዱ 0 ባይት። ቦታ ስለሌለ ባዶ ፋይል እየፈጠረ ነበር፣ እኔም ስሙን እያየሁ «አለ» እላለሁ። ጊትላብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድርጅት የደረሰውም የዚህ ዘመድ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ ሠራተኛ ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሲያጠፋ፣ ባክአፕ የሚያወጣው ፒጂደምፕ የሚባለው ፕሮግራም ቨርዥኑ ከዳታቤዙ ጋር ስላልገጠመ ዝም ብሎ ሲከሽፍ መክረሙ ታወቀ። የ6 ሰዓት ያህል ዳታ ጠፋባቸው። እነሱ እንዲህ ከሆኑ እኔ ማን ነኝ?

አሁን ወደ ብሩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 15 ዶላር 855 ብር ማለት ነው። ለስሌት ዛሬን 150 ብር ብንይዘው 2,250 ብር ሆነ። የጨመረው ምንዛሬው ነው። ደግሞ 15ቱ ለዳታቤዙ ብቻ ነው፤ ዌብሳይቱ የሚኖርበት ሰርቨር ለብቻው ይከፈላል። ስለዚህ ከቪፒኤሱ ጋር ስታወዳድሩ ልዩነቱ ሙሉ 2,250 ብር ነው፣ በቀን 75 ብር።

እኔ እንዴት እንደቻልኩት ልንገራችሁ። በአንድ የፖስትግሬስ ጥቅል ውስጥ ብዙ ዳታቤዝ መክፈት ይቻላል። ሦስት ፔንሲዮኖችን አንድ ላይ አስገባሁ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ዳታቤዝና የራሱ ተጠቃሚ። ለእያንዳንዳቸው 750 ብር ደረሰ። የምትጠነቀቁት ኮኔክሽን (ወደ ዳታቤዙ በአንድ ጊዜ የሚከፈት መስመር) ላይ ነው። የ15 ዶላሩ፣ ባለ 1 ጊጋ ሜሞሪው ጥቅል 22 ኮኔክሽን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ለሦስት ሲካፈል ሰባት ሰባት ነው። መስመሮቹን በተራ የሚያካፍለውን ፑል የሚባለውን ካልከፈታችሁ በበዓል ሰሞን ይታነቃል። በምላሹ የሰባት ቀን ባክአፕ አለ፤ በዚያ ውስጥ ወደፈለጋችሁት ሰዓት መመለስ ትችላላችሁ። ባለፈው የአንድ ቀን ምዝገባ በስህተት ሰርዤ፣ ቡናዬ ሳይበርድ ከመሰረዜ በፊት ወደነበረው መልሼዋለሁ።

«ነፃውስ?» ትላላችሁ። ሱፓቤዝ የሚባለው የፖስትግሬስ አገልግሎት ነፃ 500 ሜጋ ይሰጣል፣ ለመማር ግሩም ነው። ግን ሳምንት ሙሉ ማንም ካልነካው ይተኛል፣ በነፃው ላይ ባክአፕም የለም። በዐቢይ ጾም እንግዳ የማይረግጠው ፔንሲዮን ሳምንት ዝም ቢል ምን ይገርማል? ባክአፕ ያለው ጥቅሉ 25 ዶላር ነው፤ እሱን ከምከፍል 15ቱን እመርጣለሁ።

አንድ ስህተት እንዳትደግሙብኝ። ዌብሳይቱን አገር ውስጥ፣ ዳታቤዙን ፍራንክፈርት አድርጌ ነበር። ከዚህ እስከዚያ ደርሶ መልስ 150 ሚሊ ሰከንድ ለካሁ። አንድ ገጽ ዳታቤዙን 20 ጊዜ ሲጠይቅ 3 ሰከንድ ሄደ። ሁለቱን እዚያው አንድ ከተማ አድርጓቸው፤ ባሕሩን የሚሻገረው አንዴ ብቻ ይሁን።

የቀረው ክፍያው ነው። ለእኔ የምትከፍለው ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት፣ እኔ ለእናቷ በብር እሰጣለሁ። ካርዷ የሚያበቃበትን ወር ስልኬ ላይ መዝግቤያለሁ፤ ክፍያ ካለፈ ማኔጅዱም ይዘጋልና።