መርሴዲስ 500ኢ ወይስ ቢኤምደብልዩ ኤም5? መግዣውን ሳይሆን ማሠሪያውን አስሉ

የ1990ዎቹን ፈጣን የጀርመን መኪና መግዛት የሚያምራቸው እዚህ ጀርመን ያሉ ወዳጆቼ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ 500ኢ ይሻላል ወይስ ኤም5? መልሴም አንድ ነው፤ መርሴዲሱን ግዙ። ግን ትክክለኛውን።

ይህን የማጠብቀው በምክንያት ነው። አንድ ጓደኛዬ 500ኢ ብሎ ገንዘቡን የከሰከሰበት መኪና፣ ሰፊ ፓራፋንጎና የውሸት ጽሑፍ የተለጠፈለት ባለ ስድስት ሲሊንደር ተራ መርሴዲስ 300 ሆኖ ተገኘ። ኮፈኑን ከፍቶ የቻሲ ቁጥሩን ቢያነብ ኖሮ በተረፈ። ለአውሮፓ በተሠራው ላይ 124036 የሚለው ከሌለ ዋጋ መጠየቅም አያስፈልግም። የኋላ መቀመጫውም ያጋልጣል፤ ትክክለኛው ከኋላ የሚይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ያ ሰፊ ፓራፋንጎ የራሱ ታሪክ አለው። መርሴዲስ ትልቁን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በመካከለኛው መኪናው ውስጥ ሲከት አካሉ ሰፋ፤ በሲንደልፊንገን ፋብሪካ የመገጣጠሚያ መስመርም አላልፍ አለ። በዚያን ጊዜ ፖርሽ ገበያ ቀዝቅዞበት ሥራ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ አካሉ በሲንደልፊንገንና በፖርሽ ዙፈንሃውዘን መካከል እየተመላለሰ፣ አንዱ መኪና በ18 ቀን ይጠናቀቅ ነበር። እስከ 1995 እ.ኤ.አ. የተሠራው ከ10,000 ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን አዲሱ ከ130,000 ማርክ በላይ ይሸጥ ነበር። ዛሬም በደንብ የተያዘውን ከ40,000 ዩሮ በታች ማግኘት ይከብዳል። የተጋጨውን ረክሷል ብላችሁ አትንኩ፤ የተራው መርሴዲስ የፊት ፓራፋንጎ አይገጥምለትም።

የ500ኢ ሞተር ግን በመርሴዲስ የስፖርት መኪና በ500ኤስኤልም የተገጠመ ስለሆነ ዕቃው ሞልቷል፤ የሚያውቀው መካኒክም አይጠፋም። የኤም5 ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ግን በሌሎቹ ባለ አምስት ቁጥር ቢኤምደብልዩዎች ላይ ያለው አይደለም። ቫልቮቹ በእጅ እየተለኩ ይስተካከላሉ፤ ስድስቱም የአየር መግቢያዎች እርስ በርስ መመጣጠን አለባቸው። መኪናው ሲገዛ ረከስ ሊል ይችላል። ሞተሩ መፈታት ያስፈለገው ዕለት ግን ከ10,000 ዩሮ በላይ ይጠይቃችኋል፤ ትርፋችሁ እዚያ ጋራዥ ይቀራል።

መርሴዲሱም ቅዱስ አይደለም። በተለይ ከ1992 ወዲህ የተሠሩት የሞተር ሽቦ ልባሳቸው በሙቀት ይበሰብሳል፤ በጣት ጎንበስ ሲያደርጉት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ባለቤቱም ያልተበላሸውን ሁሉ ሲቀይር ይከርማል። አዲሱ ሽቦ ከሺህ ዩሮ ያልፋል። ሻጭ ሁሉ «ተቀይሯል» ይላል። ደረሰኙን ጠይቁ፤ ሽቦው ላይ የተለጠፈውን ቀንም ራሳችሁ አንብቡ።

ፍጥነታቸውን አላወዳድርም፤ ሁለቱም 250 ኪሎ ሜትር ላይ ይገታሉ። ማርሽ በእጁ ካልቀየረ መንዳት የማይመስለው ሰው ኤም5 ይግዛ፤ 500ኢ በአውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ ነው የተሠራው። እሱም ቢሆን ቫልቮቹ መቼ እንደተስተካከሉ የሚያሳይ ወረቀት ሳያይ ቀብድ አይክፈል።