የጃን ሜዳ የፈረስ ውድድር ውሏችን፦ ቪአይፒውን ተዉት፣ ፈረሶቹ ጋ ቁሙ

ባለፈው እሁድ አራት ሆነን ጃን ሜዳ የፈረስ ውድድር ለማየት ሄደን ነበር፣ ፎቶ ከለጠፍኩ ጀምሮ "እንዴት ነበር፣ ብሩን ያወጣል ወይ" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። መልሱ አዎ ያወጣል፣ በጣም ያወጣል፣ ግን የት እንደምትቆሙ ይወስነዋል። እኛ የገዛነው ቪአይፒ ነበር፣ ድንኳን ውስጥ ወንበርና ሁለት ለስላሳ አለው ተብለን፣ እና እዛ ወንበር ላይ የቆየነው ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው። ቀሪውን ቀን በሙሉ ያሳለፍነው ሜዳው ጥግ ላይ ፈረሶቹ የሚሟሟቁበት ጋ ነው፣ እዛ ደግሞ በተራው ትኬትም ይገባል። ስለዚህ ተራውን ግዙ።

አብረውኝ የነበሩት አንዷ የእንስሳት ሐኪም ናት። አንዱ የእንጅባራ ልጅ ነው፣ አባቱ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው፣ ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚያከብሩትን በዓል ቲቪ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ሦስተኛዋ የቦሌ ልጅ ናት፣ ፈረስ ነክታ አታውቅም፣ ጋሪ ላይ እንኳ ወጥታ አታውቅም። እኔ ደግሞ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስታዲየም "ፈረሰኞቹ" እያልኩ ስጮህ ነው ያደግኩት፣ ግን ፈረሰኛ በእጅ ርቀት ቆሜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። ከአራት ኪሎ ፈረንሳይ የሚለውን ታክሲ ያዙ፣ ስድስት ኪሎን እንዳለፋችሁ ጃን ሜዳ ወራጅ በሉ። መኪና አትያዙ፣ ፓርኪንግ የሚባል ነገር የለም፣ አንድ ዘመዳችን መኪናውን የት እንዳቆመ ቢጠየቅ ራሱም የሚያስታውስ አይመስለኝም ያን ያህል ርቆ ነው ያቆመው። በር ላይ ፍተሻው አንድ መስመር ብቻ ስለነበር አርባ ደቂቃ ተሰልፈናል፣ ሴቶች ቶሎ ገቡ፣ እኛ ፀሐይ ላይ ቀረን። ፕሮግራሙ 3 ሰዓት ይጀምራል የተባለው የመጀመሪያው ሩጫ የሮጠው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ይሄ አናደደኝ፣ አልዋሽም።

ግን ያ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የቀኑ ምርጥ ክፍል የሆነው።

ድንኳኑ ውስጥ ሙዚቃው ጆሮ ሲበጥስብን የእንጅባራው ልጅ "ኑ እስኪ ከዚህ እንውጣ፣ ፈረሶቹ የት እንዳሉ እንፈልግ" ብሎ ይዞን ወጣ። ከባሕር ዛፎቹ ስር ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ፈረሶች አሉ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሆለታ፣ ከሰላሌ የመጡ። ዳማ (ቀይ ቡኒ) አለ፣ ቦራ (ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው) አለ፣ ጉራቻ (ጥቁር) አለ፣ አንድ አምባላይ (ነጭ) አለ ሰው ሁሉ እሱ ጋ ነው ፎቶ የሚነሳው። አንዳንዱ የፈረንጅ ኮርቻ ነው ያለው፣ አንዳንዱ ግን የድሮው ዕቃ ሙሉ ነው፣ ግላስ፣ መረሻት፣ ልጓሙ ላይ የተንጠለጠለ ጌጥ፣ እርካቡ ደግሞ ያቺ ትንሿ አውራ ጣት ብቻ የምትገባባት። እሷን በቅርብ ሳይ ገረመኝ፣ ያ ሁሉ ሰው አድዋ የጋለበው በባዶ እግሩ በአውራ ጣቱ ይዞ ነው እኮ!

እዛ ጋ አንድ የሰላሌ አባት አገኘን፣ ዳማ ፈረሳቸውን በለኮ ይዘው ቀስ ብለው ያዞሩታል። የልጅ ልጃቸው ነው የሚጋልበው። የቦሌዋ ልጅ በሩቁ ቆማ "አባባ ይነክሳል?" አለቻቸው።

"ጆሮውን እዪው ልጄ" አሏት። "ጆሮው ወደ ኋላ ከተለጠፈ አትጠጊው። ወደዞረበት ሐሳቡ አለ። አሁን ወዴት ነው የዞረው?"

"ወደ እኔ።"

"እንግዲያው ነይ።"

ሄደች፣ አንገቱን ዳሰሰችው፣ ከዛ በኋላ እስከ ማታ ከዛ ፈረስ ጎን አልጠፋችም። ስሙ ጌጡ ነው።

ሐኪሟ ፈቃድ ጠይቃ ከመንጋጋው ስር ጣቷን አስገብታ የልብ ምቱን ቆጠረችልን። ዕረፍት ላይ ያለ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ነው የሚመታው፣ ከሰው ያነሰ፣ ሽምጥ ሲጋልብ ግን ከ200 በላይ ይደርሳል። ሌላም ነገር ነገረችን፣ ፈረስ በአፉ አይተነፍስም፣ በአፍንጫው ብቻ ነው፣ ሲጋልብ ደግሞ በእያንዳንዱ ዝላይ አንዴ ነው የሚተነፍሰው፣ ዝላይና ትንፋሽ እኩል። ይሄን ካወቃችሁ በኋላ ፈረስ አጠገባችሁ ሲያልፍ ያ ፉፍ ፉፍ የሚለው ድምፅ ሌላ ነው የሚሆንባችሁ፣ እያንዳንዷን እርምጃ ትቆጥሩታላችሁ።

ስለ ሜዳውም ትንሽ ልበል። ጃን ሜዳ የንጉሥ ሜዳ እንደማለት ነው፣ ጃንሆይ ከምንለው ጋር አንድ ቃል ነው። በጃንሆይ ዘመን የፈረስ እሽቅድምድም የሚደረግበት እዚሁ ነበር፣ የገና ጨዋታውም እዚህ፣ ጥምቀት ታቦታቱ የሚያድሩትም እዚህ፣ የአገር አቋራጭ ሩጫውም እዚህ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ ወደዚህ ሲዛወር ሜዳው እንዴት እንደተጎዳ ያየ ሰው አሁን ሣር በቅሎበት ፈረስ ሲሮጥበት ሲያይ ደስ ነው የሚለው። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው የሚባለው ተረት ለዚህ ቦታ የተተረተ ነው የሚመስለው።

ሩጫው ራሱ ምን ልበላችሁ፣ አጭር ነው። ሜዳውን ሁለት ዙር፣ አለቀ። መጀመሪያ ሰው "ይሄ ብቻ ነው እንዴ" አለ። ግን በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት አንዱም እንደዛው ነው፣ ኬንታኪ ደርቢ አሜሪካ ከ1875 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚሮጥ ነው፣ ርቀቱ አሁን ወደ 2,000 ሜትር ነው፣ ሴክሬታሪያት የሚባለው ፈረስ በ1973 እ.ኤ.አ. ከሁለት ደቂቃ በታች የገባበት ሰዓት እስከ ዛሬ አልተሰበረም። ለሁለት ደቂቃ ነው ያ ሁሉ ሰው ባርኔጣ አድርጎ የሚውለው። የፈረስ ውድድር ማለት ቀኑን ሙሉ ፈረስ ማየት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያየኸው ፈረስ ሲሮጥ ማየት ነው። የማታውቀው ፈረስ ሲሮጥ አቧራ ነው የምታየው። እኛ ጌጡን እናውቀው ነበር፣ እና ባንዲራው ወርዶ ከሶምሶማ ወደ ሽምጥ ሲሸጋገሩ፣ መሬቱ እግራችን ስር ሲንቀጠቀጥ፣ አራታችንም አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን "ጌጡ! ጌጡ!" ስንል ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው በስልኩ ቪዲዮ እየቀረጸ ነበር።

ሦስተኛ ወጣ። አንደኛ የሰንዳፋ ጉራቻ ነው፣ ያለ ክርክር፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ብቻውን ነበር። እኛ መሀል በምሳ ተወራርደን ነበር፣ ያሸነፈችው የቦሌዋ ልጅ ናት፣ ጉራቻውን የመረጠችው "ከሁሉም ጆሮው የተረጋጋው እሱ ነው" ብላ ነው፣ ጌጡን ግን ከልቧ ትደግፍ ስለነበር ስታሸንፍም አልተደሰተችም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አዘጋጆቹ ይሄን የሚያነቡ ከሆነ እባካችሁ እባካችሁ ስሙኝ።

አንደኛ ስፒከሩ። መነሻው መስመር ጋ ነው የተተከለው፣ ፈረሶቹ ከሚሰለፉበት ምናልባት አሥር ሜትር። ዲጄው ቤዙን በለቀቀ ቁጥር ፈረሶቹ ይደነብራሉ፣ አንድ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ቡላ ፈረሱ ወደ ጎን ዘሎበት ወደቀ፣ ደግነቱ ምንም አልሆነም፣ ተነስቶ ሮጦ ፈረሱን ያዘ። ሐኪሟ ሄዳ ለማስተባበሪያው ነገረች፣ "እሺ እንቀንሳለን" አሏት፣ አልቀነሱም። ስፒከሩን ወደ ምግቡ በኩል ማዞር ምን ያህል ሥራ ነው?

ሁለተኛ ውሃ። ለሠላሳ ፈረስ አንድ በርሜል ነበር፣ 8 ሰዓት ላይ አለቀ። ባለፈረሶቹ ጄሪካን ይዘው ከበር ውጭ ሲቀዱ ነው ያየናቸው፣ እኛም ሁለት ጄሪካን ተሸክመናል። ሮጦ የመጣ ፈረስ እየተዘዋወረ ይቀዘቅዛል፣ በመሀሉ ውሃ በትንሽ በትንሹ ይሰጠዋል፣ ይሄ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ለእኛ ሁለት ለስላሳ ከሚሰጡ ለእነሱ አንድ ቦቴ ቢያቆሙ በስንት ጣዕሙ።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም የባሰው ነው። ተናጋሪው ፈረሶቹን በቁጥር ነው የጠራቸው። "ቁጥር 7 እየመራ ነው፣ ቁጥር 4 ይከተላል።" ኧረ በማርያም! ይሄ አገር እኮ ሰው በፈረሱ ስም የሚጠራበት አገር ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ጃንሆይ አባ ጠቅል፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ጌጡ ስም አለው፣ ጉራቻውም ስም አለው፣ ባለቤቶቹን ዞሮ መጠየቅና ወረቀት ላይ መጻፍ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የሰላሌው አባት "ጌጡ ተባለ?" ብለው ሲጠይቁን "አዎ ተባለ" ማለት አቅቶን ዝም አልን።

ከሰዓት በኋላ የነበረው ጉግስ ግን ሙሉ ማርክ ነው። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፣ የሚያባርረው ዘንግ ይወረውራል፣ የሚሸሸው ሳይቆም ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል፣ ይሄ ሁሉ በሽምጥ ግልቢያ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ጎፈርና ለምድ አድርገው ገቡ፣ ያኔ ዲጄው ራሱ ሙዚቃውን አጠፋው፣ ፉከራው በባዶ ድምፅ ተሰማ፣ ሜዳው በሙሉ ዝም አለ። የእንጅባራው ልጅ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፣ "አባቴ ይሄን ቢያይ" አለ፣ ወዲያው ደወለላቸውና ስልኩን ወደ ሜዳው ዘርግቶ አሰማቸው። ለየካቲት 23 ምኒልክ አደባባይ የሚወጡትን ፈረሰኞች ያያችሁ ስሜቱን ታውቁታላችሁ፣ እዚህ ግን ግፊያ የለም፣ በደንብ ይታያል።

ምግቡ ደህና ነው። ጥብሱ ውድ ነው፣ ለዋጋው ትንሽ ነው፣ ሽሮው ይሻላል፣ ከሁሉም የሚሻለው ግን በሩ አጠገብ የጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ናት፣ ቆሎዋም ትኩስ ነው። ሽንት ቤቱ እስከ 7 ሰዓት ንፁህ ነበር፣ ከዛ በኋላ አትጠይቁኝ። ለልጆች ፈረስ ላይ አውጥቶ ማዞር አለ፣ የሚይዙት ልጆች ጠንቃቃ ናቸው፣ ሄልሜት ግን አንድም አላየሁም፣ ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ የብስክሌቱን ይዛችሁ ሂዱ። ኮፍያና ጃኬት ሁለቱንም ያዙ፣ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ 11 ሰዓት ሲል ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ይገባል። ነጭ ጫማ በፍፁም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለፈረሶቹና ለፈረሰኞቹ 10 ከ10፣ ለዝግጅቱ 5፣ እሱም ስለ ጉግሱ ብዬ ነው። በድጋሚ ከተዘጋጀ እሄዳለሁ፣ ከ3 ሰዓት በፊት እደርሳለሁ፣ ቀጥታ ባሕር ዛፎቹ ስር ነው የምሄደው።

ማታ ታክሲ ሰልፉ ረጅም ስለነበር በእግራችን ወደ ስድስት ኪሎ ወረድን። የየካቲት 12 ሐውልት ጋ ስንደርስ አንድ አይሱዙ ከኋላችን መጥቶ መብራት ላይ ቆመ፣ ላዩ ላይ ጭድ፣ ጭዱ ላይ የሰላሌው አባት የልጅ ልጅ ተቀምጧል፣ ከጎኑ ሦስት የፈረስ ራስ። የቦሌዋ ልጅ አወቀችው፣ "ጌጡ!" ብላ ተጣራች። አንገቱን አላዞረም፣ ደክሞታል፣ አንድ ጆሮው ግን ወደ እኛ ዞረ።